ማይክሮሜትሩ እኩል ያሳያል፣ ኩሽኔታው ግን አልገባም፦ የሻፍትን ክብነት በጋራዥ ዕቃ የመለካት አሠራር

ይሄ ጥያቄ በየወሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣብኛል። አንዱ ከመጋላ፣ አንዱ ከሳቢያን፣ አንዱ ደግሞ ከሐረር ደንገጎን ወርዶ፣ ሻፍት (የማሽን ዘንግ) በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልኝ ይመጣል። የሚሉት ግን አንድ ነው፦ «በሁሉም አቅጣጫ ለክቼዋለሁ፣ ሁሉም ቦታ 30.01 ነው። ታዲያ ኩሽኔታው ለምን እምቢ አለ? መትቼ ሳስገባው ደግሞ ለምን ይጮኻል?»

መልሱን ለእያንዳንዱ ከማስረዳት አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ድሬ ነውና አንቱታ የለም፤ «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን ያለበት) የምትሠሪ እህቴም ለአንቺም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሜትር የሚያየው ሁለት ተቃራኒ ነጥቦችን ብቻ ነው። አንዱ ጎን ትንሽ ጎብጦ ትይዩው ጎን በዚያው ልክ ከጎደለ፣ የሁለቱ ድምር አይለወጥም። ስለዚህ ንባቡ እኩል ሆኖ ሻፍቱ ባለ ሦስት ጉብታ ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታው (ሻፍቱን ተሸክሞ የሚያዞረው ባለ ኳስ ቀለበት) ግን ሻፍቱን የሚያቅፈው ዙሪያውን በሙሉ ነው። እሱን አታታልለውም።

ካላመንክ መጀመሪያ ይህን ሞክር

ካርቶንና ኮምፓስ ይበቃሃል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እያንዳንዱ ጎኑ 60 ሚሜ የሆነ ሦስት ማዕዘን ሣል። ኮምፓሱን 60 ሚሜ ክፈት። መርፌውን አንዱ ማዕዘን ላይ ተክለህ ሌሎቹን ሁለት ማዕዘኖች የሚያገናኝ ቅስት አዙር። በሦስቱም ማዕዘን ድገመው፣ ከዚያ በቅስቱ ላይ ቁረጠው። ሆዱ የተነፋ ሦስት ማዕዘን ይወጣልሃል።

አሁን በካሊፐር ለካው። በየትኛውም አቅጣጫ 60 ነው። ቀጥሎ ሌላ ካርቶን ላይ ዲያሜትሩ 60 የሆነ ክብ ቀዳዳ አውጣና ለማስገባት ሞክር። አይገባም። እንዲገባ ቀዳዳው 69.3 ሚሜ ያህል መሆን አለበት። ሻፍትህ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ነገሩ በሚሊሜትር መቶኛ መሆኑ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ማይክሮሜትር፣ 0.01 ሚሜ የሚያነብ። ለአብዛኛው ሥራ ከ0–25 እና ከ25–50 ያሉት ሁለቱ ይበቃሉ። ካሊፐር ለዚህ ሥራ አይሆንም።
- ዳያል ጌጅ (ጫፉ ሲገፋ መርፌው የሚዞር መለኪያ)፣ 0.01 የሚያነብ፣ ከነማግኔት መቆሚያው። ለኩሽኔታ መቀመጫ ባለ 0.001 ወይም ባለ 0.002 ብታገኝ ይሻላል።
- ሁለት እኩል ቪ ብሎክ (እንደ «V» የተቦረቦረ፣ ሻፍት የሚያርፍበት ብረት)፣ ማዕዘናቸው 90 ዲግሪ የሆነ።
- ጠፍጣፋ መሠረት። የመለኪያ ጠረጴዛ ከሌለህ የቶርኖው ጋሪ የሚሄድበት ሐዲድ ወይም ፍሬዛ (የብረት ፊት እየላገ የሚያስተካክል ማሽን) የተመታ ወፍራም ላሜራ ይሠራል። ወፍራም መስታወትም ያገለግላል፣ ግን ማግኔቱ መስታወት ላይ አይዝም። (አትሳቅ፣ ማግኔቱ «ተበላሽቷል» ብሎ ይዞልኝ የመጣ አለ።)
- ማርከር፣ ቀጭን ወረቀት፣ መቀስ፣ እስክርቢቶ።
- ነጭ ጋዝና ክር የማይተው ንጹሕ ጨርቅ።

ቪ ብሎክ መግዛት ከከበደህ ከአንግል ብረት መሥራት ትችላለህ። ባለ 40 አንግል ለባለ 30 ሻፍት ይበቃል፤ ምክንያቱም ሻፍቱ የሚነካው ከማዕዘኑ 15 ሚሜ ርቆ ያለውን ግድግዳ እንጂ ማዕዘኑን ራሱን አይደለም። ውስጡ የተጠጋጋ መሆኑም አያስቸግርም። ግን ከፋብሪካ እንደመጣ አትጠቀምበት፣ ፊቱ ቅርፊትና ሞገድ አለው። ሁለቱን የውስጥ ግድግዳዎች ፍሬዛ ላይ አስመታቸው። ከዚያ የስኳድራ የውጭ ማዕዘን ቪው ውስጥ አስገባ። ሁለቱም ጎን ብርሃን ሳያሳልፍ ከተኛ 90 ነው። ይህን ፍተሻ አትዝለለው፣ ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታየዋለህ።

ማስጠንቀቂያ

- ቶርኖው እየዞረ በምንም አትለካ። ማይክሮሜትሩን ይነጥቅሃል፣ ጣትህንም ይጨምራል።
- የቻኩን (ሥራውን በመንጋጋ ነክሶ የሚያዞረውን) ቁልፍ ቻኩ ላይ ትተህ እጅህን አታንሳ። ማሽኑ ሲነሳ ቁልፉ እንደ ድንጋይ ነው የሚወረወረው።
- ሽርጥ ታጥቆ ቶርኖ ላይ መቆም የለም። ሙቀቱ እንደሚያስገድድ አውቃለሁ፣ ከምሳ በኋላ ሁላችንም ሽርጥ ነን። ግን የሚዞር ዘንግ የላላ ጨርቅ ካገኘ ሰውየውን ጨምሮ ነው የሚጠቀልለው። ጓንትም በሚዞር ሥራ ላይ እንደዚያው ነው።
- የብርጭቆ ወረቀት ጣትህ ላይ ጠቅልለህ የሚዞር ሻፍት አትያዝ።

ደረጃ 1፦ አጽዳ፣ ከዚያ አቀዝቅዝ

ሻፍቱን በነጭ ጋዝ እጠብና አድርቅ። የምትፈልገው ስህተት 0.01 ወይም 0.02 ሚሜ ነው። የፀጉር ዘለላ እንኳ ከዚያ ይወፍራል። አንዲት የዝገት ቅንጣት ቪው ላይ ከቀረች የምትለካው እሷን ነው። ጠርዙ ላይ የተነሳ ቡጭር ካለ በደቃቅ የዘይት ድንጋይ በቀስታ አስተኛው።

ገና ከቶርኖ የወረደ ሻፍት አትለካ። ብረት በአንድ ሜትር በየዲግሪው 0.012 ሚሜ ያህል ያድጋል። ባለ 50 ሻፍት በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ዲያሜትሩ 0.012 ይጨምራል ማለት ነው። እኩል የሞቀ ሻፍት መጠኑ ይለወጣል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። ችግሩ አንድ ጎኑ ብቻ ሲሞቅ ነው። ግማሹ ፀሐይ ላይ፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ የተጋደመ ሻፍት ይጎብጣል። ስለዚህ ሻፍቱን ማታ ከመለኪያው ጋር አንድ ቦታ አሳድረውና ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ለካው። እኩለ ቀን ላይ የድሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ትክክለኛ ልኬት አትጠብቅ። ሐረር ያለህ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነህ።

ደረጃ 2፦ ዙሪያውን እንደ ሰዓት 12 ቦታ ክፈል

ቀጭን ወረቀት በሻፍቱ ላይ አንድ ዙር ጠቅልልና የሚገናኝበት ላይ ቁረጠው። አውጥተህ ለሦስት እጠፈው። ከዚያ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት። ስትዘረጋው 12 እኩል ክፍል አለህ። መልሰህ ጠቅልለውና በየእጥፋቱና ጫፎቹ በሚገናኙበት ላይ በማርከር ምልክት አድርግ። ከ1 እስከ 12 ቁጥር ስጥ። ቁጥሮቹ ከሚለካው ቦታ አጠገብ ይሁኑ እንጂ ላዩ ላይ አይሁኑ፣ ቀለሙም ውፍረት አለው።

ይህን የምናደርገው ጉብታው የት እንዳለ ለማወቅ ነው። «መርፌው ተንቀሳቀሰ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ስንት ጊዜና የት የት የሚለው ነው ምክንያቱን የሚነግርህ።

ደረጃ 3፦ በማይክሮሜትር ሞላላነትን ፈልግ

ከ1 ወደ 7፣ ከ2 ወደ 8፣ እንዲህ እያልክ እስከ 6–12 ድረስ በስድስት አቅጣጫ ለካ። የማይክሮሜትሩን መጨረሻ ጠቅ ጠቅ የሚለውን እጀታ ተጠቀም። በእጅ ካጠበቅከው የምትለካው ጉልበትህን ነው። ይህንኑ በሻፍቱ ርዝመት ሦስት ቦታ ድገም፣ ሁሉንም ጻፍ።

ከትልቁ ንባብ ትንሹን ቀንስና ለሁለት አካፍል። 30.01 እና 29.97 ካገኘህ ልዩነቱ 0.04 ነው፤ የክብነት ጉድለቱ 0.02። ለሁለት የምናካፍለው ክብነት የሚለካው በሬዲየስ ስለሆነ ነው፦ በትልቁ ሬዲየስና በትንሹ ሬዲየስ መካከል ያለው ልዩነት።

በርዝመቱ አንዱ ጫፍ ከሌላው ከበለጠ ሾጣጣ ነው፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው። በአንድ ቦታ ላይ በአቅጣጫ የሚለያይ ከሆነ ነው ሞላላ የምንለው።

ማይክሮሜትር ተጋማሽ (ለሁለት የሚካፈል) ቁጥር ያላቸውን፣ ማለትም ባለ 2፣ ባለ 4 እና ባለ 6 ጉብታዎችን ይይዛል፤ ጉብታው ትይዩ ካለ ጉብታ ጋር ስለሚገናኝ። ባለ 3፣ ባለ 5፣ ባለ 7 የሆኑት ግን በሙሉ ያመልጡታል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። አንተ ቀጥል።

ደረጃ 4፦ ቪ ብሎክ ላይ አስተኛው

1. ሁለቱን ቪ ብሎኮች መሠረቱ ላይ አስቀምጥ። የምትለካው ቦታ በተቻለ መጠን ለአንዱ ቪ ቅርብ ይሁን። ሩቅ ከሆነ የሻፍቱ ጉብጠት ንባቡ ውስጥ ይገባብሃል።
2. ሻፍቱ ቪው ላይ የሚያርፍበት ቦታ የቁልፍ ሰርጥ ወይም የቀለበት ጎድጓዳ የሌለበት ይሁን። አለዚያ በእያንዳንዱ ዙር «ጉድጓድ» ታነባለህ።
3. በሻፍቱ አንድ ጫፍ በኩል የማይነቃነቅ ብረት አቁም። ሻፍቱን ሁልጊዜ ወደ እሱ እየተጫንክ አዙር። ወደፊትና ወደኋላ ከሄደ ዳያሉ ሌላ ቦታ ነው የሚያነበው።
4. ዳያሉን ከላይ፣ ቀጥ አድርገህ፣ በቪው መካከለኛ መስመር ላይ አውርድ። ዘንበል ካለ ወይም ከመሀል ከወጣ ንባቡ ይዛባል።
5. ዳያሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እስኪጫን አውርደው፣ ከዚያ ዜሮ አድርግ። ካልተጫነ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ መርፌው አይከተልም።

ቪው ማይክሮሜትሩ ያላየውን ለምን ያያል? አሁን ሻፍቱን የሚነኩት ሦስት ነጥቦች ናቸው፦ ሁለቱ የቪው ግድግዳዎችና ዳያሉ። ባለ ሦስት ጉብታ ሻፍት አንዱ ጉብታው ዳያሉ ሥር ሲመጣ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ቪው ግድግዳዎች ይጠጋሉና ሻፍቱን ከሥር ወደ ላይ ያነሱታል። ላይኛው ጉብታ ሲደመር የታችኞቹ ማንሳት፣ መርፌው እጥፍ ይዘላል። ትይዩ ጎኖች የሚጠፋፉበት ነገር እዚህ የለም።

ደረጃ 5፦ አዙረህ ቁጠር

መጀመሪያ ምንም ሳትጽፍ አንድ ሙሉ ዙር በቀስታ አዙር። መርፌው ስንት ጊዜ ወጥቶ ስንት ጊዜ ወረደ? ይህን ቁጥር ያዝ፣ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምህ እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ደግመህ አረጋግጥ። በእያንዳንዱ ዙር እዚያው ቁጥር ላይ መውጣት አለበት። ቦታውን ከቀየረ ሻፍቱ ሳይሆን አቋቋምህ ነው የተበላሸው፤ ተመልሰህ አጽዳ።

ከዚያ በየምልክቱ ቆም እያልክ ጻፍ። ባለ ሦስት ጉብታ ሻፍት ይህን ይመስላል፦ 1፣ 5 እና 9 ላይ 0.04፤ 3፣ 7 እና 11 ላይ 0፤ የቀሩት ላይ 0.02። ጉብታዎቹ በየአራት ቁጥሩ መምጣታቸውን ልብ በል። ቻክህ ባለ ሦስት መንጋጋ መሆኑንም ልብ በል፣ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 6፦ ንባቡን አካፍል

ዳያሉ ያሳየህ 0.04 የክብነት ጉድለቱ አይደለም። ቪው እንደ ጉብታው ብዛት ያጎላል ወይም ይደብቃል። ለ90 ዲግሪ ቪ እንዲህ ነው፦

- 2 ጉብታ፦ ንባቡ ራሱ ጉድለቱ ነው።
- 3 ጉብታ፦ ለ2 አካፍል።
- 5 ጉብታ፦ ለ2 አካፍል።
- 4 ጉብታ፦ ቪው ከግማሽ በታች ብቻ ያሳያል። የማይክሮሜትሩን እመን።
- 7 ጉብታ፦ ቪው ምንም አያሳይም። መርፌው ዝም ይላል።

ባለ 7 ጉብታ ከጠረጠርክ 120 ዲግሪ ቪ ያስፈልግሃል። እሱ 5ንም 7ንም እጥፍ አድርጎ ያሳያል።

አሁን ስለ ስኳድራው ፍተሻ። አንዳንዱ ቶርኖ ቤት ያለው ቪ 60 ዲግሪ ነው። 60 ዲግሪ ቪ ባለ 3 ጉብታን በሦስት እጥፍ አጉልቶ ያሳያልና ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ሞላላ ሻፍት ላይ ፍጹም ዕውር ነው። እንቁላል የመሰለ ሻፍት ብታዞርበት መርፌው አይንቀሳቀስም። ባለ 4፣ ባለ 5 እና ባለ 7ንም አያይም። ማዕዘኑን ሳታውቅ «ዜሮ ነው፣ ክብ ነው» ካልክ የተሳሳተው ቪው ሳይሆን አንተ ነህ። በማይክሮሜትርና በ90 ዲግሪ ቪ አንድ ላይ ስትለካ ግን በጋራዥ የሚያጋጥመው አብዛኛው ነገር ይያዛል፤ አንዱ የማያየውን ሌላው ያያል።

መግቢያው ላይ «30.01 ነው» ወዳለኝ ልጅ ሻፍት እንመለስ። ማይክሮሜትሩ 30.01። ቪው ላይ ሦስት ጉብታ፣ ንባቡ 0.04። ለሁለት ሲካፈል ጉድለቱ 0.02። ጉብታው ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን ሻፍቱ ሊገባበት የሚችለው ትንሹ ክብ ቀዳዳ የማይክሮሜትሩ ንባብ ሲደመር ጉድለቱ ነው፦ 30.01 + 0.02 = 30.03። ልጁ 30.01 የሆነ ሻፍት ያለው ይመስለዋል፤ ኩሽኔታው የሚያገኘው ግን 30.03 የሆነ ሻፍት ነው።

ደረጃ 7፦ ይበቃል ወይስ አይበቃም?

እንደ ሥራው ይለያያል። 6206 ኩሽኔታን ውሰድ፣ የውስጥ ቀዳዳው 30 ሚሜ ነው። ለእሱ በብዛት የሚመረጠው «ኬ6» የሚባለው የሻፍት ልክ ከ30.002 እስከ 30.015 ነው። ያለህ ነጻነት በጠቅላላው 0.013 ብቻ። የክብነት ጉድለቱ ብቻውን 0.02 ከሆነ ከዚህ አልፏል፣ ሻፍቱ አይሆንም። እንዲያውም ክብነቱ ከዚያ ነጻነት ከግማሽ በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ባለ 0.01 ዳያል የምትጠቀም ከሆነ መርፌው ከአንድ መስመር በላይ ከሄደ አትቀበለው።

ይህን ያህል የምናጠብቀው የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ቀጭን ስለሆነ ነው። ተጭኖ ሲገባ የሻፍቱን ቅርጽ ይይዛል። ሻፍቱ ባለ ሦስት ጉብታ ከሆነ ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድም ባለ ሦስት ጉብታ ይሆናል። ጩኸቱና ሙቀቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አዲስ ኩሽኔታ ብትቀይርለትም ይደግመዋል። የወፍጮ ቤት ባለቤቶች «ኩሽኔታው ቻይና ስለሆነ ነው» የሚሉት ነገር አለ። አንዳንዴ ልክ ናቸው፤ ግን መጀመሪያ ሻፍቱን ለካው።

የቺንጋ ፑሌጂያ (ቀበቶ የሚዞርበት ጎማ) ብቻ የሚሸከም ቦታ ከሆነ፣ ወይም በቡሎን የሚጠብቅ ነገር ከሆነ፣ 0.02 ብዙም አያስጨንቅህ።

ደረጃ 8፦ ምክንያቱን ከጉብታው ቁጥር አንብብ

*ሦስት ጉብታ።* መጀመሪያ የምጠረጥረው ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክን ነው። በተለይ ቀጭን ግድግዳ ያለው ቡሺንግ ወይም ቀለበት ከሆነ። መንጋጋዎቹ በሦስት ቦታ ይጫኑታል፣ ሥራው ታፍኖ እያለ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ሲፈታ ወደ ቦታው ይመለሳል። ታፍኖ ክብ የነበረው ተፈትቶ ባለ ሦስት ጉብታ ይሆናል። እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ። ለውሃ ፓምፕ የነሐስ ቡሺንግ ሠርቼ፣ ቻኩ ላይ እያለ በዳያል አይቼ ዜሮ ነበር። «ወላሂ እንደ መስታወት ነው» ብዬ ሰጠሁት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ፈትቼ ስለካው 0.06።

ቻክ ያልነካው ሻፍት ከሆነስ? ተስሎ የሚሸጥ የሚያብለጨልጭ ዘንግም ባለ 3 ወይም ባለ 5 ጉብታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዘንግ የሚሳለው ብዙውን ጊዜ በሴንተር (ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ ገብቶ በሚይዝ ሾጣጣ ብረት) ሳይያዝ፣ በሁለት መንኮራኩሮች መካከል እየተንከባለለ ነው። አቀማመጡ ካልተስተካከለ ጎዶሎ ጉብታዎች ይፈጠራሉ። ስለዚህ ማብለጭለጩን አትመን። ከገዛኸው ቀን ጀምሮ ለካው።

*ሁለት ጉብታ።* ያገለገለ ዕቃ ከሆነ መበላት ነው። የሞተር ሲሊንደር ፒስተኑ በሚደገፍበት አቅጣጫ ይበላል፤ የክራንክ ሻፍት አንገትም ጭነቱ በሚበዛበት በኩል። አዲስ ከሆነ የአያያዝ ወይም የቶርኖው ዋና ዘንግ ኩሽኔታ መላላት ነው።

*አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ የሚወርድ።* ይሄ የክብነት ችግር አይደለም። ሻፍቱ ጎብጧል፣ ወይም በሴንተር መካከል እየለካኸው ከሆነ መሀሉ ስቷል። ቪ ብሎክ ከሚለካው ቦታ አጠገብ ከሆነ መሀል መሳትን አያሳይም፣ ምክንያቱም ሻፍቱ የሚያርፈው በራሱ ፊት ላይ ነው። ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንዱ በሴንተር ለክቶ «0.10 ይዘላል» ይላል፣ ሌላው በቪ ለክቶ «ዜሮ ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የለኩት ነገር ነው የተለያየው።

*ብዙ፣ ሥርዓት የሌለው።* የሴንተር ቀዳዳው ቆሽሿል ወይም ተሰባብሯል። ሻፍቱ የቀዳዳውን ቅርጽ ይቀዳል።

ደረጃ 9፦ አስተካክል፣ ከዚያ ፈትተህ ለካ

ከቻክ የመጣ ከሆነ፦ ሻካራውን ቆርጠህ ስትጨርስ መንጋጋዎቹን አላላ። ሥራው ወደ ራሱ ቅርጽ ይመለስ፣ ይቀዝቅዝም። ከዚያ በቀላሉ ብቻ አጥብቀህ የመጨረሻውን ቀጭን ቆረጣ ውሰድ። ቀጭን ቀለበት ከሆነ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ወፍራም ቱቦ ሥራና በእሱ አልብሰህ ያዘው፤ ጉልበቱ ከሦስት ነጥብ ይልቅ ዙሪያውን ይከፋፈላል። ረዥም ሻፍት ከሆነ ቻኩን ተውና በሁለት ሴንተር መካከል ያዘው። ቀዳዳዎቹን ግን አስቀድመህ አጽዳ፣ የማይዞረው ሴንተር ላይ ግሪስ አድርግ።

ከመበላት የመጣ ከሆነ ወደ ታች ልክ መሳል ነው። ለክራንክ ሻፍት 0.25 እና 0.50 የሚቀንሱት ልኮች የተለመዱ ናቸው፣ ሜታሉም (አንገቱን የሚያቅፈው ግማሽ ክብ ኩሽኔታ) በዚያው ልክ ይገኛል። ለሲሊንደር የሚፈቀደውን ሞላላነት ከሞተሩ መመሪያ እይ፤ ከሞተር ሞተር ይለያያል።

ተዘጋጅቶ የተገዛ ዘንግ ከሆነ ወይ መልሰው፣ ወይ አንድ ልክ ወደ ታች በሴንተር መካከል ቁረጠው።

ስትጨርስ ከማሽኑ አውርደህ፣ አቀዝቅዘህ፣ ከደረጃ 3 ጀምሮ ድገም። ቻኩ ላይ እያለ የተለካ ክብነት ልኬት አይባልም። የነሐስ ቡሺንጌን አስታውስ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*በብርጭቆ ወረቀት ጉብታን ማጥፋት።* ወረቀቱ ፊቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ጉብታውንም ጉድጓዱንም እኩል ይበላል። ሻፍቱ ይቀጥናል፣ ያበራል፣ ቅርጹ ግን እንደነበረ ነው።

*የላላ መቀመጫን በፓንች መንቀስ።* ኩሽኔታው ለጊዜው ይይዛል። አንተ ግን በእጅህ ሃያ ሠላሳ ጉብታ ጨምረህለታል።

*ቀዳዳን በሁለት ነጥብ መለኪያ ብቻ መለካት።* በሻፍት ላይ ያለው ዕውርነት ቀዳዳ ላይም አለ። ባለ ሦስት እግር የውስጥ ማይክሮሜትር ባለ ሦስት ጉብታን ይይዛል፣ እሱ ደግሞ ሞላላን ያሳልፋል። ሁለቱም ከሌሉህ፣ ክብነቱ የታወቀ ዘንግ በቀዳዳው ልክ አዘጋጅተህ ስስ ቀለም ቀብተህ አስገባና በትንሹ አዙር፤ ቀለሙ የት የት እንደነካ እይ።

*ፒስተንን «ሞላላ ሆኗል» ብሎ መጣል።* ይሄኛው በተለይ የባጃጅ መካኒኮችን ይመለከታል። አዲስ ፒስተን ሲሠራ ጀምሮ ክብ አይደለም። በፒኑ አቅጣጫ ጠባብ፣ በተቃራኒው ሰፊ፣ ከላይ ደግሞ ከታች ይልቅ ቀጠን ያለ ነው፤ ሲሞቅ እኩል ስለማያድግ አስቀድሞ ተቀንሶለት ነው። መለካት ያለብህ ከፒኑ 90 ዲግሪ ዞረህ፣ መመሪያው በሚያዝዘው ከፍታ ላይ ነው። ቶርኖ ላይ አስገብተህ «ክብ ላድርገው» ብትል ሰፊው ጎኑ ይቀንስና ሲሊንደሩ ውስጥ ላልቶ ይንኳኳል።